ሲስተር ልትሄድ ነው

ረቡዕ፣ መስከረም 21

መሰላሉ ጠፋ። ያ የማዘጋጃ ቤቱ ረጅም መሰላል፣ አሸንዳ ሁሉ በቅጠል በሚደፈንበት በዚህ ሰሞን የገባበት አይታወቅም። ሦስት ሰው «ጎረቤቴ ነው የወሰደው» ብሎ ነገረኝ፤ ችግሩ ሦስቱም የተለያየ ጎረቤት ነው የጠሩት። ስለዚህ ዜና አልሆነም። ጋዜጣዬ «ዜናና አገልግሎት» ላይ የሚወጣ ነገር ሦስት ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ ሊነግረኝ ይገባል። ሕጌ ይኸው ነው።

ጋዜጣ እያልኩ እጠራታለሁ እንጂ ያው አንዲት ወረቀት ናት። ዓርብ ዓርብ በማዘጋጃ ቤቱ ማባዣ አባዝቼ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይና አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እለጥፋታለሁ። የእጅ ጋሪው ማን ዘንድ እንዳለ፣ የቅጠል ማቃጠያው ጉድጓድ መቼ እንደሚከፈት፣ ጤና ጣቢያው በየትኛው ቀን ሕፃናት እንደሚመዝን፣ ማን እንደወለደ፣ የማን ድመት እንደጠፋች፣ ሁሉም እዚያ አለ። እስከ ዛሬ አንድም ማረሚያ አውጥቼ አላውቅም። ይህን በተናገርኩ ቁጥር አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ «ኧረ ተው!» ትለኛለች።

ከሰዓት ጤና ጣቢያ ሄጄ የደም ግፊቴን ተለካሁ። «ባለፈው ሳምንት ለካሁህ እኮ» አለችኝ ሲስተር። ለዜና ሥራ ጤና ያስፈልጋል አልኳት። ትንሽ ከፍ ብሏል አለች። ጉንፋኑ ገብቷል፤ በረንዳው በሚያስል ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ እሷ ደግሞ ብቻዋን ናት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እንዲያም ሆኖ በረንዳው ላይ የተቀመጡትን ባልቴት እያሳቀች ነው መርፌ የወጋቻቸው።

ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ጎራ አልኩ። ዝም ብሎ መሥራት የማይችል ሰው ስለሆነ አንድ ነገር ልበለው ብዬ የሲስተርን መድከም አወራሁት። «እንዲህ ያለች ባለሙያ እዚህ ምን ያስቀምጣታል? አንድ ቀን ብድግ ብላ ትሄድልሃለች» አልኩት፤ እንዲሁ ለወሬ ያህል። «እውነትህን ነው» አለኝና መቀሱን አቁሞ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለውን አበላሽቶታል።

ዓርብ፣ መስከረም 23

ሩጫ። ማባዣው ቀለም ጨረሰ። ሙጫው ቀጠነ፤ ባለ ዳቦ ቤቷ ዱቄት ጨምራ አወፈረችልኝ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የለጠፍኩትን ነፋሱ ወዲያው ገነጠለው፤ ደግሜ ለጠፍኩ። የጤና ጣቢያው ሰዓት በትክክል መጻፉን ላረጋግጥ ሄድኩ። በትክክል ነው የተጻፈው። ሲስተር ሻይ ጋበዘችኝ፤ በቁሜ ጠጣሁ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስገባ ባለ ዳቦ ቤቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሲስተር ልትሄድ ነው አሉ፤ ሰምተሃል?» አለችኝ። ልቤ ድው አለ። ትልቅ ዜና ስሰማ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ።

«ማን አለ?»

«ኧረ ከተማው ሁሉ እያወራው ነው! አንተ ጋዜጠኛ ነኝ ትላለህ፣ ሁሌም መጨረሻ የምትሰማው አንተ ነህ።»

ዳቦውን ረስቼው ወጣሁ። ምሳ ላይ እትዬ «ዳቦው የት አለ?» ስትለኝ ነው ያስታወስኩት።

ገና አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ማለት ምንም ማለት አይደለም።

ረቡዕ፣ መስከረም 28

የአውቶቡሱ ሾፌርም ነገረኝ። እሱ ደግሞ ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ነው የምትሄደው ብሎ ጨመረበት። ሁለት።

ሐሙስ፣ መስከረም 29፣ ከእራት በኋላ

የማዘጋጃ ቤቱ ሊቀመንበር ቢሯቸው አስጠሩኝ። ስለ መሰላሉ መስሎኝ ነበር። «የጤና ጣቢያችን ጉዳይ ያሳስበኛል፤ ሲስተር ትተውን ሊሄዱ ነው ይባላል። ከተማው መዘጋጀት አለበት» አሉኝ። ሊቀመንበሩ ደግሞ እንደማንም ሰው ዝም ብለው አያወሩም፤ ማኅተም የያዙ ሰው ናቸው።

ሦስት ሆነ።

ከእሳቸው ቢሮ ስወጣ እግሬ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ልጠይቃት ነበር። ተራዬ ደርሶ ገብቼ ስቀመጥ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክ?» አለችኝ፤ ፈገግ ብላ። ሳል አልኩ። የሳል ሽሮፕ ይዤ ወጣሁ። ሳል የለብኝም።

እትዬ ሽሮፑን ጠረጴዛው ላይ አይታ ነገሩን አወጣጣችኝ። «እሷኑ ለምን አትጠይቃትም?» አለች።

«ባለጉዳዩን አለመጠየቅ ደንቤ ነው። ባለጉዳይ ሁልጊዜ ይክዳል።»

«ደንብ ሳይሆን ፍርሃት ነው የያዘህ» አለችኝና ሳህኑን አንስታ ሄደች። እትዬ ስለ ጋዜጠኝነት የምታውቀው ነገር የለም።

እንዳልጽፈው እችላለሁ። ግን የሦስት ሰው ወሬ ሳላወጣ ቀርቼ አላውቅም። ለሌላው የሚሠራ ሕግ ለእሷ ሲሆን አይሠራም ልል ነው? ለምንስ?

ዓርብ፣ መስከረም 30

ወጣ። «ጤና ጣቢያችንን ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ሲስተር በመኸሩ መጨረሻ ከተማችንን ሊለቁ መሆኑ ታውቋል። ለአገልግሎታቸው ምስጋናችን የላቀ ነው።» መጀመሪያ የጻፍኩት ግማሽ ገጽ ነበር። ሌሊት ሰው ሲታመም በዝናብ የምትወጣ መሆኗ፣ ሕፃን ስትመዝን የምታወራለት ነገር፣ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ የምታደርገው አደራረግ፣ ይኼ ሁሉ ገብቶበት ነበር። ለዜና አይሆንም ብዬ ቆረጥኩት። የቅጠል ጉድጓዱ ማስታወቂያም ቦታ ይፈልጋል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ሲስተር ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ወዳለው ቢሮዬ መጣች። ወረቀቷን ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ገንጥላ ነው ይዛ የመጣችው፤ ጀርባዋ ላይ የደረቀው ሙጫ እንዳለ ነው።

«ይህን ከማን ሰማህ?»

ተነሥቼ ወንበር ሰጠኋት። አልተቀመጠችም።

«ምንጭ አይነገርም፣ ሲስተር። ደንብ ነው» አልኳት።

«ጤና ቢሮ ነው የነገረህ?»

«ምንጭ አይነገርም አልኩሽ እኮ።»

አየችኝና «እሺ» አለች። «ለእኔ ሳይነግሩኝ ለአንተ ነገሩህ ማለት ነው።» ወረቀቷን አጣጥፋ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

አንድ ነገር ልብ ብያለሁ፦ «አልሄድም» አላለችም። ስለዚህ ዜናው ትክክል ነው። በሥራዬ ልኮራ ይገባኛል። ፊቷ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ሁለት የስልክ ቁጥር አሳስቼ ጻፍኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

የሽኝት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ሰብሳቢ፣ ባለ ዳቦ ቤቷ ኬክ፣ ሾፌሩ ታጣፊ ወንበር ማመላለስ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሙዚቃ፣ እኔ ማስታወቂያ። ከተማው እንዲህ በአንድ ልብ ሲንቀሳቀስ አይቼ አላውቅም። የመንገድ መብራት ሲጠፋ አንድ ዓመት ዝም ያለ ሕዝብ ለሽኝት ሲሆን በአንድ ሳምንት ኮሚቴ አቋቋመ!

ስጦታው ሻንጣ ይሁን ተባለ። ባለ ጎማ፣ ትልቅ። እኔ «የክፍል ማሞቂያ ይሻላል፣ ብርዱ እየመጣ ነው፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው ቤቷ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው» አልኩ።

«የምትሄድ ሴት ማሞቂያ ምን ያደርግላታል?» አለችኝ ባለ ዳቦ ቤቷ። ሁሉም ሳቁብኝ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ «ቤቷ ቀዝቃዛ መሆኑን አንተ እንዴት አወቅክ?» አለ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። የውኃ ቧንቧው የፈነዳ ጊዜ ዜና ልሠራ ገብቼ ነው ያወቅኩት! እነሱ ግን ሲስቁ አይሰሙም።

ሻንጣውን ዛሬውኑ ገዝተው አስቀድመው ነው የሰጧት፤ ዕቃዋን ቀስ እያለች እንድታስገባበት ተብሎ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለች አሉኝ። እኔ ስትቀበል አላየሁም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አጸዳ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጉዴ ፈላ።

«ለእኔ ሳይነግሩኝ» ያለችው ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ለእሷ ካልነገሯት፣ ሰዉ ከየት ሰማ? ባለ ዳቦ ቤቷን ጠየቅኩ፤ ከፀጉር አስተካካዩ አለች። ሾፌሩን ጠየቅኩ፤ ከፀጉር አስተካካዩ። ሊቀመንበሩን በዘዴ ጠየቅኩ፤ ጺማቸውን ሲላጩ ሰሙ። ያ ሰውዬ ጤና ቢሮ ውስጥ ዘመድ አለው ማለት ነው ብዬ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረልኝ።

«ወዳጄ፣ የሲስተርን መሄድ ከማን ነው የሰማኸው?»

«ከአንተ ነዋ!» አለኝ።

«ከእኔ?»

«እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ አይደል እንዴ? ብድግ ብላ ትሄድልሃለች አላልከኝም? እኔማ አንተ ካልክ እርግጥ ነው ብዬ ነው ለሰው የነገርኩት። ጋዜጠኛው አንተ!»

ፀጉሬ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ ተነሥቼ ወጣሁ። ጨርቁም አንገቴ ላይ እንደታሰረ ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ሲስቅ ነው ያየሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ለእትዬ ነገርኳት። ከማንም ከምትሰማው ከእኔ ትስማው ብዬ። መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ። «የራስህ ወሬ ዞሮ ሲመጣ አመንከው!» ትላለች፣ ትስቃለች። ቀጥላ ሳቋን አቁማ «እንዲያው ለምን አልከው ግን?» አለችኝ።

«ለወሬ ያህል።»

«ለወሬ ያህል ስለ ሌላ ሰው አታወራም ነበር? ስለ ባለ ዳቦ ቤቷ? ስለ ሊቀመንበሩ?»

ተነሥቼ ሳህን አጠብኩ። ተራዬ አልነበረም።

«ሂድና ንገራት» አለችኝ ከኋላዬ። «ነገ ሳትል።»

ነገማ ወረቀቷ የምትወጣበት ቀን ነው። በወረቀቷ ባርመው ይሻላል፤ ሥርዓት ያለው መንገድ እሱ ነው። ማረሚያ ጽፌ ስለማላውቅ ግን እንዴት እንደሚጻፍ ግራ ገባኝ። «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ጽፌ አየሁት፤ በእጅ ጽሕፈቴ ሳየው የሌላ ሰው ይመስላል። ምላሴን በቆረጠው!

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ያወጣሁት ይኸው ነው፦ «ስለ ሲስተር መልቀቅ የወጣው ዜና እስካሁን ከሚመለከተው አካል አልተረጋገጠም።»

ባለ ዳቦ ቤቷ ቆማ አነበበችውና «ወይኔ! ማኅተም ብቻ ነው የቀረው ማለት ነው!» ብላ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሾፌሩ አንብቦ ሽኝቱ ሳይደርስ ወንበሮቹ ይምጡ አለ። እንዲህ ያለ ማረሚያ ባላወጣው ይሻል ነበር። ፈሪ ነኝ። ከእትዬ ፊት አልናገረውም እንጂ ፈሪ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ ልነግራት ሄጄ ነበር። መንገዱን ሙሉ ተለማምጄ ነው የሄድኩት። «ሲስተር፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» ከዚያ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ።

ክንዴን አስራ ግፊቴን ለካችኝ። «ይገርማል» አለች። «ሌላ ቦታ ስትለካ ደህና ነህ። እዚህ ስትመጣ ብቻ ነው ከፍ የሚለው።»

«ሲስተር፣ አንድ…»

«ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ዝውውር ጠየቅኩ» አለችኝ። ማሰሪያውን እየፈታች፣ ወደ እኔ ሳታይ። «ባለፈው ሳምንት ነው ማመልከቻ ያስገባሁት።»

«ለምን?» አልኩ።

«ጤና ቢሮ እኮ ምንም አያውቅም። ደውዬ ጠየቅኳቸው፤ ማን አለሽ አሉኝ። አሰብኩት እንግዲህ። እነሱ ካላሉ፣ ሰዉ ነው ያለው ማለት ነው። ሰው ሻንጣ ሲገዛልህ ምን ትላለህ?» ሳቀች፤ ግን እጇ አፏ ላይ አልሄደም። «ሁሉም እያቀፈ ያለቅስልኛል። ኬኩ ምን ዓይነት ይሁን ይሉኛል። አንድ ሰው እንኳ ቅሪ አላለኝም። አንድ ሰው!»

ክኒን ቆጥራ ሰጠችኝ። ግፊት ካለብህ ጨው ቀንስ አለችኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

እሺ ብዬ ወጣሁ! ሌላ ቃል ጠፍቶኝ! ቅሪ የሚል ቃል እኮ ሁለት ፊደል ነው። እስከ ዳቦ ቤቱ ስደርስ ልመለስ ነበር፤ በረንዳው በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ተውኩት። በረንዳው ባዶም ቢሆን ኖሮ መተዌ አይቀርም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

መሰላሉ ተገኘ። የሊቀመንበሩ ጓሮ ነው የተገኘው፤ አሸንዳ ሊያጸዱ ወስደው ረስተውት። አታውጣው አሉኝ። ሦስት ሰው ነግሮኛል አልኳቸው። ስለ መሰላሉ ብዙ መጻፍ እችላለሁ። ስለ ሌላው ዛሬ አልጽፍም። ነገ ሽኝቱ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 23፣ ማታ

አዳራሹ ግጥም ብሎ ነበር። ወንበር ያልደረሰው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ሻንጣው የክብር እንግዳ ይመስል ከመድረኩ አጠገብ ቆሟል፤ ከቤቷ አስመጥተውት ነው፣ ባዶውን። ሲስተር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ያለ ነጭ ጋወኗ ስለሆነች ደጋግሜ አየኋት።

ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሁለት ጊዜ «ቦታዎ ምንጊዜም ክፍት ነው» አሉ፤ እንዲህ የሚባለው ለሚሄድ ሰው ነው። ባለ ዳቦ ቤቷ ንግግሯን ጀምራ ለቅሶ አሸነፋት። ከዚያ ፕሮግራም መሪው፣ ማለትም ፀጉር አስተካካዩ፣ «አሁን ደግሞ ዜናውን አስቀድሞ ያበሠረን ጋዜጠኛችን!» ብሎ ጠራኝ። እትዬ ከጎኔ ነበረች። ገፋ አደረገችኝ። ገፋ ብል አቃለልኩት፤ ወንበሩ አብሮኝ ተነሣ።

ወረቀት ላይ የጻፍኩት ነበር። ስወጣ ኪሴ ውስጥ ተውኩት።

«ሲስተር የትም ልትሄድ አልነበረም» አልኩ። «ማንም አልነገረኝም። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ፀጉሬን ስስተካከል። ከዚያ ወሬው ዞሮ ሲመጣ ሦስት ሰው ነገረኝ ብዬ አወጣሁት። ሦስቱም የእኔው ናቸው። የእኛም ጥፋት ነው ብላችሁ አታጽናኑኝ፤ የእኔ ጥፋት ነው። ከተማው አልላካትም። እኔ ነኝ ሻንጣ ያስገዛሁት።»

ፀጉር አስተካካዩ «አላልኩም እኔ!» ብሎ ጮኸ። አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ባለ ዳቦ ቤቷ ግን «አንተ ሰውዬ! ስንት እንባ ነው ያፈሰስኩት!» ብላ ናፕኪን ወረወረችብኝ። ሊቀመንበሩ ተነሥተው «እንግዲህ ኬኩ ይቆረጥ» አሉ። ምን ይበሉ?

ሲስተር አልሳቀችም። ከተቀመጠችበት ሆና «ለምን ነው ያልከው?» አለችኝ፤ ሰው ሁሉ ፊት። ይኼን ጥያቄ እትዬም ጠይቃኝ ነበር። ይህን ሁሉ ሰው ፊት ግን አልቻልኩም። «ወንበሮቹን ላጣጥፍ» ብዬ ወረድኩ። ሰው ገና ተቀምጦባቸው ነበር።

ሰዉ ኬኩን በልቶ ከሄደ በኋላ እውነትም ወንበር ማጣጠፍ ጀመርኩ። እትዬ ወገቤን አመመኝ ብላ ቀድማ ሄደች፤ ወገቧ ደህና ነው። ሲስተር በዚያኛው ረድፍ እያጣጠፈች ወደ እኔ መጣች። መካከላችን ጥቂት ወንበር ሲቀር ቆመች።

«አልመለስክልኝም» አለች።

«ፈርቼ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«እንዳትሄጂ። ያን ቀን ደክሞሽ ሳይሽ፣ ትታን ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። የፈራሁትን ነገር አወራሁት። ሌላ ምክንያት የለውም።» ከዚያ ጨረስኩት። «እንዳትሄጂ፣ ሲስተር። ከተማው ነው የሚለው አትበዪ። እኔ ነኝ የምለው።»

ወንበሩን ይዛው ቆየች። ብረቱን በአውራ ጣቷ እያሻሸች።

«ዝውውሩ ተፈቅዷል» አለች። «ትናንት ደረሰኝ። ተተኪም መድበዋል።»

ወንበሩን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። ባዶ ሻንጣ ድንጋይ ላይ ሲጎተት ድምፁ ለጉድ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ማረሚያው ከላይ፣ በትልቁ። «ተሳስቻለሁ» ብሎ ይጀምራል። ሦስት ቦታ ለጠፍኩት። የሚያነብበው ሰው የለም፤ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ነበር።

ጤና ጣቢያ አልሄድኩም። ምን ይዤ እሄዳለሁ?

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ጠዋት በአውቶቡስ ሄደች። ሾፌሩ ነው የነገረኝ። ትንሽ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የያዘችው አለ። «ወዴት ነሽ አላልካትም?» አልኩት።

«አልኳት እንጂ። ዝም አለች። እኔም ከአንተ ወዲህ ሰው መጠየቅ ፈርቻለሁ» አለኝ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ «ከነገ ወዲያ ጠዋት ይከፈታል» የሚል ተለጥፏል። የእሷ ጽሕፈት ነው። የሚከፍተው እሷ ትሁን ተተኪዋ አይልም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እትዬ እራት ላይ ሾርባውን ሁለት ጊዜ አሙቃ ቀዳችልኝ፤ ሁለት ጊዜም ቀዝቅዞ ቀረ። «ብላ እንጂ» አለችኝ። እንዲህ ቀስ ብላ ስታወራኝ ነው የባሰ የምፈራው።

ያስጨነቀኝን ነገር አሁን በቀጥታ ልጻፈው፤ ይህን ደብተር እንደሆነ ማንም አያነብበውም። እወዳታለሁ። ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ግፊቴ ደህና ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

የማታው አውቶቡስ ከመምጣቱ በፊት ሙጫና ብሩሽ ይዤ ማቆሚያው ላይ ቆምኩ። ማክሰኞ ምን እንደምለጥፍ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሰዉ እያየኝ ያልፋል። ባለ ዳቦ ቤቷ ሱቋን ቀድማ ዘግታ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ፀጉር አስተካካዩም አንድ ደንበኛ ግማሽ አድርጎ ወጥቶ ቆመ።

አውቶቡሱ መጣ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ወረዱ። ከዚያ ከረጢት የያዙ ሁለት ሴቶች። ከዚያ በሩ ላይ ማንም የለም። ሙጫው እጄ ላይ ፈሶ ሳላውቅ እጅጌዬ ድረስ ገብቷል።

ከሁሉም በኋላ እሷ ወረደች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ሻርፗን እያስተካከለች። ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«የት ነበርሽ?» አልኳት። ደህና አመሸሽ እንኳ ሳልል።

«ጤና ቢሮ። ዝውውሩን ልተው ብል ተቆጡኝ» አለች። «አንድ ሠራተኛ በወር ሁለት ዓይነት ሐሳብ አያመጣም አሉኝ። እንዲህ ያለ ሆስፒታል ዳግመኛ አታገኚም፣ ትጸጸቻለሽ አሉኝ።»

«ትጸጸቻለሽ?»

«እንጃ። ልጸጸት እችላለሁ።» ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ጀመረች፤ እኔም ሙጫዬን እዚያው ትቼ ተከተልኳት። ትንሽ ከሄድን በኋላ ሳታየኝ «ታዲያ ለምን ትቀሪያለሽ ብለው ጠየቁኝ» አለች።

«ምን አልሻቸው?»

«ቅሪ ያለኝ ሰው አለ አልኳቸው።»

ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።